ሮስተር የሚሠራ ፕሮግራም መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው ኮርስ ልጀምር?

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ፕሮግራሚንግ ተምሬ አላውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የወሰድኩት የኮምፒውተር መግቢያ ኮርስ ከወርድና ከኤክሴል አላለፈም።

ለመማር ያነሳሳኝ ሮስተር ነው። የክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከ50 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ከየመምህሩ ማርክ ሊስት እየገለበጥኩ እደምራለሁ፣ አማካይ አወጣለሁ፣ ደረጃ እሰጣለሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ መምህር የአንድ ተማሪ ውጤት አስተካክሎ ሲመጣ የብዙዎቹ ደረጃ ይናጋል። ኤክሴል ድምሩን ያቃልልልኛል፤ ነገር ግን ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቀመሩ ይሰረዛል፣ ስሞችም ከውጤታቸው ይነጠላሉ። ማንኛውም የክፍል ኃላፊ ውጤት ብቻ አስገብቶ ሮስተሩንና የተማሪውን ካርድ የሚያወጣለት ፕሮግራም ራሴ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ በሙያው ተጨማሪ ገቢ ባገኝ ደግሞ እሰየው።

የቸገረኝ የምርጫው ብዛት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ውሰጂ አለችኝ። ወንድሜ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ 50ን ይላል። ሌላው ጃቫስክሪፕት ካልሆነ ሥራ የለም ይለኛል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ በ3 ወር ፕሮግራመር እናደርጋለን የሚሉና ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች በየቀኑ አያለሁ። ያለኝ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ነው፤ የማጠናውም ማታ ማታ ነው። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፤ በፍጥነት ሲነገር ግን ያመልጠኛል። መክፈል ግዴታ ነው? የትኛውን ቋንቋ ልጀምር? የትኛው ኮርስ ለእኔ ይሆናል?

ኮድ ጸሐፊ ከአዳማ፦

እንኳን ደህና መጡ መምህርት። ምን መሥራት እንደሚፈልጉ አውቀው መጥተዋልና የምርጫው ግማሽ አልቋል። ሮስተር ማለት የስም ዝርዝር፣ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ድምር፣ ቅደም ተከተልና ፋይል ነው። ለዚህ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከበቂ በላይ ነው። ጃቫስክሪፕት ጥሩ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ዋና ቤቱ ብራውዘር ስለሆነ ጀማሪውን በአብዛኛው የድረ ገጽ መሥሪያ የሆኑትን ኤችቲኤምኤልንና ሲኤስኤስን አብሮ እንዲማር ያስገድደዋል። እርስዎ ደግሞ ለጊዜው ድረ ገጽ አያስፈልግዎትም።

ወደ ኮርሶቹ ልምጣ። ሰው ኮርስ ሲመርጥ የአስተማሪውን አንደበት፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ወይም ሰርተፍኬቱን ያያል። እኔ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶችን ሳለማምድ ደጋግሜ ያየሁት ግን ልዩነቱን የሚያመጣው መልመጃው መሆኑን ነው። በገና የሚደረድር ሰው እያዩ በገና መማር እንደማይቻል ሁሉ፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው በቪዲዮ እያዩም ኮድ መጻፍ አይመጣም። ቪዲዮው ሲታይ ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል፤ ባዶ ፋይል ፊት ስንቀመጥ ግን የመጀመሪያዋ መስመር ትጠፋብናለች።

ስለዚህ አንድ ኮርስ ላይ ከመመዝገብዎ በፊት የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሳምንት መልመጃ ይክፈቱ። ከባዶ ጀምረው እንዲጽፉ ያደርጋል ወይስ ክፍት ቦታ ላይ አንድ ቃል ብቻ ያስሞላል? የጻፉትን ኮድ በተለያዩ ቁጥሮች ፈትኖ የት ላይ እንደተሳሳቱ ይነግርዎታል ወይስ መልሱን ብቻ ያሳያል? አስተማሪ ነዎትና የምዘናን ጥራት ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

በዚህ መለኪያ ለእርስዎ አንደኛ የማደርገው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲን የፓይተን ኮርስ ነው። ነጻ ነው። ትምህርቱ በዋናነት ጽሑፍ ነው፤ በፍጥነት ሲነገር ያመልጠኛል ላሉት ችግር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። 14 ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 7 የመግቢያ፣ ቀጣዮቹ 7 የከፍተኛ ደረጃ ናቸው። በየገጹ መልመጃ አለ፤ እያንዳንዱንም ማሽኑ ወዲያው ያርመዋል። መጀመሪያ ላይ ብራውዘር ውስጥ ይጽፋሉ፣ ከ4ኛው ክፍል ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተርዎ ላይ በሚጫን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በሚባል የኮድ መጻፊያ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ምርጫዬ የሃርቫርዱ ሲኤስ 50 ፒ ነው። ወንድምዎ ከነገሩዎት ሲኤስ 50 ጋር አይምታታብዎት፤ ይህኛው የሚያስተምረው ፓይተንን ብቻ ነው። መልመጃዎቹ አጫጭር ቢሆኑም ያሳስባሉ።

ከሥሩ፦

ኮድ ጸሐፊ ያልከውን ስለ መልመጃ እቀበላለሁ። ሙሉውን ሲኤስ 50 ገሸሽ ማድረግህን ግን አልቀበልም። ይህን ኮርስ ዴቪድ ማላን ከ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያስተምረዋል፤ ሲሻሻልና ሲጣራ የኖረ ትምህርት ነው። ብሎኮችን በመገጣጠም ኮድ በሚሠራበት በስክራች ይጀምራል፣ ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲ ቋንቋ፣ ቀጥሎ ፓይተን፣ የመረጃ ቋት ቋንቋው ኤስኪውኤል፣ በመጨረሻም ድረ ገጽ። ሲን የሚያስተምረው ተማሪን ለማስጨነቅ ብሎ አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ፓይተን የሚሸፍነውን መጋረጃ ሲ ስለሚገልጠው ነው።

ከራሳችን ፊደል ምሳሌ ልስጣችሁ። ፓይተን ላይ «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል አለው ብላችሁ ብትጠይቁ 3 ይላችኋል። ሲ ላይ በተለመደው የርዝመት መለኪያ ብትጠይቁ 9 ይላችኋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ፓይተን ፊደል ይቆጥራል፣ ሲ ባይት (ኮምፒውተሩ ጽሑፍን የሚያስቀምጥባትን ትንሽ ክፍል) ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደላት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያውቅ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። በአማርኛ የተማሪ ስም የሚጽፍ ፕሮግራመር ግን አንድ ቀን ይህ ጉዳይ ደጁ ላይ ይቆማል። ያን ቀን መሠረቱን የያዘ ሰው ነው የሚፈታው።

ኮድ ጸሐፊ ከአዳማ፦

ከሥሩ፣ የ9ኙ ምሳሌህ ግሩም ነው፤ ይህን የማያውቁ የሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ። የምንለያየው በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። መምህርት የሚያጠኑት ቀን ሙሉ አስተምረው ሲመለሱ ነው። ሲ ላይ ስለ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ የሚያስተምረው ክፍል ሲመጣ ብዙ ሰው ያቆማል፤ የሚያቆመውም ስላልቻለ ሳይሆን ከሚፈልገው ነገር ጋር ያለው ግንኙነት ስለሚጠፋበት ነው። መጀመሪያ ሮስተሩን ይጻፉ፣ ተማሪዎቻቸው ካርድ ይውሰዱበት፤ ከዚያ ሲኤስ 50ን ቢወስዱ በየሳምንቱ «ለካ ያኔ የሆነው ይህ ነበር» እያሉ ነው የሚማሩት። ሠርቶ ያየ ሰው መሠረቱን ሲማር ይጣፍጠዋል።

ዳታ ቆጣቢ ከጎንደር፦

እዚህ ላይ ስለ ኢንተርኔት ወጪ ያነሳ ሰው አላየሁምና እኔ ልናገር። ለብዙዎቻችን ኮርስ የሚቋረጠው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ጥቅሉ ስለሚያልቅ ነው።

መምህርት፣ ፓይተንን አንድ ጊዜ ያውርዱት። የዊንዶውሱ ጫኝ ፋይል ወደ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከተጫነ በኋላ ኮድ ለመጻፍም ሆነ ለማስኬድ ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። አብሮት አይድል የሚባል ቀላል መጻፊያ ይመጣል፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ እጅግ ተስማሚ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ይሠራልዎታል፤ ከጎኑ ብዙ የብራውዘር ገጽ አይክፈቱ እንጂ። ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 7 ከሆነ የሚሠራላችሁ የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ አዲሱን ለመጫን ስትሞክሩ እንቢ ቢላችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

የሄልሲንኪው ኮርስ ጽሑፍ ስለሆነ ገጹን ብራውዘሩ ላይ አስቀምጠው መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ማንበብ ይችላሉ። የሃርቫርዶቹ ኮርሶች ቪዲዮ ቢሆኑም ደግነት አላቸው፦ እያንዳንዱን ትምህርት በዝቅተኛ ጥራት፣ በድምፅ ብቻ ወይም በጽሑፍ ማውረድ ይቻላል። የንግግሩን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ቪዲዮውን ማየት ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፍጥነት ያሸንፋል። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው የመማሪያ ድረ ገጽም በአብዛኛው በጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን ብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ መስመር ላይ መሆን ይጠይቃል፤ መነሻ ትኩረቱም የድረ ገጽ ሥራ ነው። ኦዲን ፕሮጀክት የሚባለውም ምርጥ ነው፤ እርሱ ግን ሊኑክስ ወይም ማክ ስለሚፈልግ ለአሁኑ ይለፉት።

የማታ ፈረቃ፣ ዱባይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ላፕቶፕ የለኝም፣ ያለኝ የአንድሮይድ ስልክ ነው። ከሥራ መልስ የማጠናበት ጊዜ አለኝ። በስልክ መማር ይቻላል ወይስ ገንዘብ እስካጠራቅም ልጠብቅ?

ዳታ ቆጣቢ ከጎንደር፦

ወንድሜ፣ አትጠብቅ። ፓይድሮይድ 3 የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ስልክህ ላይ ይሠራልሃል። ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም)፣ ቅድመ ሁኔታ፣ ድግግሞሽ፣ ፈንክሽን የሚባሉትን መሠረታዊ ነገሮች ሙሉ በሙሉ በስልክ መማር ትችላለህ። የሚያስቸግርህ ትየባው ነው፤ ቅንፍና ነጥብ ለመፈለግ ጣትህ ይደክማል። ርካሽ የብሉቱዝ የፊደል ገበታ ብትገዛ ችግሩ በእጅጉ ይቀላል። ንባቡን ከሄልሲንኪው ገጽ አድርግ፣ ኮዱን መተግበሪያው ላይ ጻፍ። ስልክ ላይ ጥያቄና መልስ እያስመረጡ ነጥብ የሚሰጡ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ለመለማመጃ አይከፉም፤ ግን ቁልፍ እየነካህ ነጥብ መሰብሰብህን ኮድ ከመጻፍ አትቁጠረው። ላፕቶፕ ስትገዛ ያገለገለ 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ፈልግ።

የዘንድሮ ተመራቂ፦

ሁላችሁም ስለ ነጻ ኮርስ ትናገራላችሁ። ሥራ ፈላጊ ግን ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። ማስታወቂያው ላይ «ተዛማጅ ሥልጠና የወሰደ» ይላል። በነጻ የተማርኩትን በምን አሳያለሁ? ኮርሴራ ወይም ኢድኤክስ ለሚባሉት የኦንላይን ኮርስ መድረኮች በዶላር መክፈል ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፤ በቅንነት ልመልስልህ። እዚህ በምሠራበት ድርጅት የሥራ ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ። የኦንላይን ሰርተፍኬት ያለው ማመልከቻ ሲደርሰኝ ሰውየው ለመማር መነሳቱን ብቻ እረዳበታለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የማየው የጻፈውን ኮድ የሚያስቀምጥበትን የጊትሃብ ገጹን ነው። ራሱ የጻፈው አንድ ፕሮግራም ካለ ከፍቼ «ይህን መስመር ለምን እንዲህ አደረግከው?» እለዋለሁ። ሠርቶት ከሆነ ዓይኑ ይበራል፤ የሞከረውንና ያልሠራለትን ጭምር ይተርክልኛል። ከሌላ ሰው ገልብጦት ከሆነ ንግግሩ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልቃል። አሥር ሰርተፍኬት ይህን አይተካም።

ሰርተፍኬት አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም፤ በተለይ ማስታወቂያው ራሱ ከጠየቀ። ነጻ የሆነውን ፈልግ። ሲኤስ 50 ራሱ የሚሰጠው ነጻ ሰርተፍኬት አለ፤ ሁሉንም መልመጃና የማጠቃለያ ፕሮጀክቱን አስገብተህ ማለፍ ነው የሚጠበቅብህ። የሚከፈልበት የኢድኤክሱ የተረጋገጠ ሰርተፍኬት ነው። ትምህርቱ አንድ ነው። የፍሪኮድካምፕ ሰርተፍኬቶችም ነጻ ናቸው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሴቨራንስ የሚያስተምረው ፓይተን ለሁሉም የተባለው ኮርስ ኮርሴራ ላይ ሰርተፍኬቱ ቢከፈልበትም፣ ቪዲዮዎቹ፣ መጽሐፉና መልመጃዎቹ በኮርሱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ። ኮርሴራ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻም ስላለው አቅምህን ገልጸህ ጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

መቀሌ 12፦

ስለ 5 ሚሊዮን ኮደሮች የተነሳውን እኔ ልመልስ፤ ወስጄዋለሁና። በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥታት ትብብር ሐምሌ 2016 የተጀመረ ነው። በነጻ ነው፣ ሲጨረስም ሰርተፍኬት አለው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮርሶች አሉት። ለእኔ የጠቀመኝ ዘርፎቹን አሳይቶ ወደየትኛው እንደማዘነብል እንዳውቅ በማድረጉ ነው። ከየት እንደሚጀምር ያላወቀ ሰው በር ላይ ቆሞ እንዳይቀር ይረዳል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ኮድ የሚያስጽፍ ኮርስ መከተል አለበት፤ ሰርተፍኬቱን ይዘው እዚያው የቆሙ ጓደኞች አሉኝ፤ ያሳዝነኛል፤ ብቃቱ ነበራቸውና።

ለዘንድሮ ተመራቂም አንድ ነገር ልጨምር፤ ኡደሚ በሚባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ኮርስ ካማረህ በሙሉ ዋጋው አትግዛ። ቅናሽ በጣም ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ብትታገስ የዋጋው ትንሽ ክፍል ላይ ታገኘዋለህ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯልና ይህ ልዩነት ለእኛ ቀላል አይደለም።

እናት ፕሮግራመር፦

መምህርት፣ የ3 ወሩን ማስታወቂያ ስለጠቀሱ ዝም ማለት አልፈለግኩም። በአካል ማሠልጠን መልካም ነገር ነው፤ አስተማሪ አጠገብ መኖሩ ብዙ ሰው ያበረታል፣ በሐቅ የሚሠሩም አሉ። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሙሉውን የትምህርት ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። የቀድሞ ተማሪዎች የሠሩትን ፕሮግራም ያሳዩዎት። ማን እንደሚያስተምር፣ የእርሱ ሥራ የት እንደሚታይ ይጠይቁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው እንዲመለከቱ ይለምኗቸው። «ሥራ እናስገባለን» ካሉ ውሉ ላይ ይጻፉት። ይህን ሁሉ በደስታ የሚመልስ ተቋም ካገኙ ገንዘብዎ አይባክንም። የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። የአንድ መምህር የወራት ደመወዝ ቀልድ አይደለም።

ከሥሩ፦

ሌላም ያልተነሳ ጉዳይ አለ፤ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች። አሁን ጀማሪ ሁሉ መልመጃውን ለእነርሱ ይሰጣል። እነርሱ በሰከንድ ይጽፉታል፣ ኮርሱ «ትክክል» ይላል፣ ተማሪው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከዚህ የከፋ የጊዜ ብክነት አላውቅም። የመልመጃው ዓላማ ኮዱን ማግኘት ሳይሆን በሚያስቸግረው ሰዓት አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው።

የሲኤስ 50 ሰዎች ይህን ስለገባቸው በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የራሳቸውን ረዳት ሠርተዋል፤ በዳክዬ ምስል የቀረበ ነው። መልሱን ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ እየጠየቀ ወደ መልሱ ይመራል። ሌላውን ረዳት ለምትጠቀሙም ሕጉ ይኸው ይሁን፦ የስህተት መልእክቱን በአማርኛ እንዲያብራራላችሁ ጠይቁ፣ ኮዱን ግን እንዳይጽፍ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተከትዬ የሄልሲንኪውንም የሲኤስ 50 ፒንም መልመጃዎች ከፍቼ አየሁ። ሄልሲንኪን መረጥኩ፤ አንብቤ በራሴ ፍጥነት ስለምሄድ ይመቸኛል። እናት ፕሮግራመር የጻፉልኝን ጥያቄዎች ደግሞ ለአንዱ ማሠልጠኛ በስልክ አቀረብኩ፤ የትምህርት ዝርዝሩ የሚሰጠው ከተከፈለ በኋላ ነው ስላሉኝ ትቼዋለሁ።

መልመጃዎቹን ስጨርስ በራሴ አንድ ነገር ሞከርኩ። የፈተናና የክፍል ሥራ ውጤት ተቀብሎ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። 45 እና 30 ሳስገባ 75 ይላል ብዬ ስጠብቅ 4530 አለኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሌላም ልጠይቅ፤ የተለዋዋጮቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ይፈቀዳል?

ኮድ ጸሐፊ ከአዳማ፦

መምህርት፣ ይህን ጥያቄ ሳይ ደስ አለኝ፤ ኮርሱ ያላዘዘዎትን ሞክረዋልና። ኢንፑት የሚባለው ፈንክሽን ከፊደል ገበታ የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበለው እንደ ጽሑፍ ነው። ለፓይተን ያስገቡት 45 የ4 እና የ5 ምልክቶች ቅጥልጥል እንጂ ቁጥር አይደለም፤ የመደመር ምልክቱም ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ገጠማቸው። ከመደመርዎ በፊት ኢንት በሚለው ፈንክሽን ወደ ሙሉ ቁጥር ይለውጡት። 17.5 ዓይነት ውጤት የሚሰጥ መምህር ካለ ደግሞ ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚቀበለውን ፍሎት የተባለ ፈንክሽን ይጠቀሙ።

በአማርኛ መሰየም ይፈቀዳል፤ ፓይተን 3 «ድምር» ወይም «አማካይ» የሚል ተለዋዋጭ ያለምንም ችግር ይቀበላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህ ነገር ከተለዋዋጭ ይልቅ በተማሪ ስም ላይ ይብሳል። የሒሳብ መምህሩ «ፀሐይ» ብሎ የእንግሊዝኛዋ መምህርት «ጸሀይ» ብላ ከጻፈች ፕሮግራምዎ ሁለት ተማሪ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ውጤቶችን በስም አያገናኙ፤ በተማሪው መለያ ቁጥር ያገናኙ።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

75 አለኝ! የመለያ ቁጥሩ ነገር ደግሞ ኤክሴል ላይ ሁልጊዜ ያስቸገረኝን ጭምር አስረዳኝ። እኩል አማካይ ላመጡ ተማሪዎች ደረጃ እንዴት እንደምሰጥ ግን አልገባኝም። በእኛ ሮስተር ሁለት ተማሪዎች እኩል 3ኛ ከወጡ ቀጣዩ 5ኛ ነው።

ከሥሩ፦

ለዚህ የሚያምር ቀላል መንገድ አለ። የአንድ ተማሪ ደረጃ ማለት ከእርሱ የሚበልጥ አማካይ ያላቸው ተማሪዎች ብዛት ሲደመር 1 ነው። ሁለት ሰዎች ይበልጡታል? 3ኛ ነው። እኩል የሆነውም ጓደኛው የሚበልጡት ያው ሁለቱ ስለሆኑ 3ኛ ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን አራት ሰዎች ስለሚበልጡት 5ኛ ይወጣል። በድግግሞሽ ውስጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ ብቻ ነው፤ የኮርሱ 4ኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ ያለ ማንም እርዳታ ይጽፉታል።

የማታ ፈረቃ፣ ዱባይ፦

መምህርት፣ እኔም ያንኑ ኮርስ በስልኬ ጀምሬያለሁ፤ የደረጃውን ነገር አሁን ፓይድሮይድ ላይ ሞከርኩት፣ ሠርቷል። ከፈለጉ በየክፍሉ መጨረሻ የሠራነውን እንተያይ።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

በጣም ደስ ይለኛል ወንድሜ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ይሁን። ሌሎቻችሁን አንድ ነገር ልጠይቅና ወደ ጥናቴ ልመለስ። ሮስተሩ በመጨረሻ ኤክሴል ላይ መከፈት አለበት፤ ርእሰ መምህሩ የሚያውቁት እርሱን ነውና። ከፓይተን ወደ ፋይል ለመጻፍ ቀድሜ ብሞክር ስሞቹ ኤክሴል ላይ የማይነበቡ ምልክቶች ሆኑብኝ።

ኮድ ጸሐፊ ከአዳማ፦

ፋይሉ አልተበላሸም። ኤክሴል ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ) ፋይል ሲከፍት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚነግረው ምልክት ካላገኘ በሌላ አጻጻፍ ያነበዋል፤ ወዳጃችን «ከሥሩ» የነገረን 3ቱ ባይቶች ለየብቻ ይነበቡና ፊደሉ ይበታተናል። ከፓይተን ሲጽፉ ኢንኮዲንግ በሚለው ቦታ ላይ በ«ዩቲኤፍ 8» ፈንታ «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» የሚለውን ያስገቡ፤ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያቺን ምልክት ይጨምራል፣ ኤክሴልም በትክክል ያነበዋል። የፋይል ትምህርቱ በኮርስዎ 6ኛው ክፍል ላይ ነው። 4ኛውና 5ኛው ላይ ዝርዝርና መዝገበ ቃላት የሚባሉትን ስለሚማሩ አይዝለሏቸው፤ የሮስተሩ ሠንጠረዥ የሚያርፈው እነርሱ ላይ ነው።